ጥቅሻ በካርታው ላይ

«ካርታዬን ኩፍኝ ያስወጣብኝ ማነው?»

የጨዋታው መሪ ነው እንዲህ ብሎ የጮኸው። መምህሯ በድንጋጤ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። ጥፋተኛዋ እሷ ነበረች። ስክሪኑ ላይ ያለውን የግንብ ካርታ እንዲሁ ስትነካካ ቀዩን እርሳስ ተጭናው ኖሮ፣ ከበሩ እስከ ማማው ድረስ በቀይ ነጠብጣብ ሞልታዋለች። እሷ የነካችውን ደግሞ ሦስቱም ተጫዋቾች በያሉበት፣ በየስክሪናቸው ያዩታል።

«ይቅርታ፣ እህቴ ናት!» አለ ታናሽ ወንድሟ ከጎን ካለው ክፍል። «ዛሬ የመጀመሪያ ቀኗ ነው። ማይክሮፎኗ ተበላሽቶባት ነው እንጂ ራሷ ይቅርታ ትጠይቅ ነበር።»

«ያንተ እህት ከሆነችማ በሽታው የቤተሰብ ነው!» አለ መሪው። ተቆጥቶ ሁሉንም ያጠፋዋል ብላ ስትጠብቅ ድምፁ ለስለስ አለ። «አይዞሽ እህቴ። አንዷንም እንዳታጠፊያት። ታሪኩን ነው የምንለውጠው። እንግዲህ ተጓዦች... የምትገቡበት ግንብ ወረርሽኝ የገባበት ግንብ ነው። ቀይ ምልክት ያለበትን በር የነካ፣ ወዮለት!»

መምህሯ ሳቀች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከአፏ ግን ከትንፋሽ በቀር የወጣ ነገር አልነበረም። ከሳቀች ሦስት ወር ሆኗት ነበርና እንባዋ ቀድሞ መጣ።

ማይክሮፎኗ አልተበላሸም ነበር። የተበላሸው ድምጿ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምራለች። ሃምሳ ሕፃናትን በአንድ «እሺ ልጆች!» ቀጥ የምታደርግ፣ ስትዘምር ከጎን ክፍል ያሉት ሳይቀሩ የሚከተሏት መምህር ነበረች። ከዚያ አንገቷ ላይ እጢ ወጣ። ቀዶ ሕክምናው ተሠራ፤ እጢውም ወጣ፤ ክፉ ነገር እንዳልሆነም ተነገራት። ከሰመመን ነቅታ «እማዬ» ልትል አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ነፋስ ብቻ ነበር።

ሐኪሟ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሳይደብቅ ነገራት።

«የድምፅሽ ነርቭ ደከመ እንጂ አልተበጠሰም። ስድስት ወር ሊወስድ ይችላል። ዓመትም ሊሆን ይችላል። ይመለሳል ብዬ ግን ቃል ልገባልሽ አልችልም።»

ክፍሏን ሌላ መምህር ተረከበላት። ስልኳ ሲጠራ ገልብጣ ታስቀምጠው ጀመር። ሊጠይቃት የሚመጣው ጎረቤት ሁሉ ድምጿን እንጂ ጆሮዋን እንዳላጣች እየረሳ ይጮህባታል። በትምህርት ቤቱ በኩል በሚያልፈው መንገድ ላለመሄድ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ለመደች።

ማተሚያ ቤት የሚሠራው ወንድሟ ነው ያላስቻለው።

«እታለም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከኛ ጋር ተጫወቺ» አላት።

«ሳልናገር?» አለችው በሹክሹክታ። ያኔ የነበራት ያቺው ሹክሹክታ ብቻ ነበረች። እሷም ከክንድ ርቀት አታልፍም።

«ካርታው አለልሽ አይደል እንዴ!»

«ድምፄ እንደጠፋ ለማንም ላትናገር ማልልኝ። አዘኔታ ሰልችቶኛል።»

ማለላት። የማይክሮፎኑ ውሸት የተወለደው ያን ቀን ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። መሪው ታሪክ ይፈጥራል፣ የታሪኩንም ቦታ በካርታ ይሥላል። ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ አንድ አንድ ሰው ይሆናሉ፤ አንዱ ሰይፈኛ፣ አንዱ መድኃኒት አዋቂ። እያንዳንዱ ሰው ካርታው ላይ የራሱ ትንሽ ምስል አለው። እሷ የመረጠችው ከሁሉ ቀድማ መንገድ የምታየውን ሰላይ ነበር። ሰይፈኛ የሆነው ዳቦ ጋጋሪ ጓደኛቸው «ኮቴዋ እንኳ የማይሰማ!» ብሎ አደነቀና ስሟ «ኮቴ» ሆኖ ቀረ።

መጻፍ ትችል ነበር፤ መጻፊያ ሳጥን አለው። ግን ወንዶቹ ሲጫወቱ ወሬያቸው እንደ ጎርፍ ነው፤ እሷ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጽፋ ስትጨርስ እነሱ ሁለት ክፍል አልፈዋል። ስለዚህ በምልክት ተናገረች። ማውሱን ተጭና ስትይዝ በሁሉም ስክሪን ላይ የብርሃን ክብ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ይህን «ጥቅሻ» ነው የሚሉት። በእርሳሱ ቀስትና ክብ ትሥላለች። በሜትሩ ከዚህ እስከዚያ ስንት እርምጃ እንደሆነ ትለካለች። ችካል ደግሞ አለ፤ አንድ ቦታ ተክለው አጭር ቃል የሚጽፉበት።

በሦስተኛው ቅዳሜ ዳቦ ጋጋሪው «ልግባ!» እያለ ወደ አንድ አዳራሽ ሲሮጥ ሦስት ጥቅሻ ተከታትሎ መሬቱ ላይ በራ። ቆመ። ኮቴ መስመሩ የተዛባውን ወለል በቀይ ከበበችው፤ በግድግዳው ጥግ ሰማያዊ ቀስት አሠመረች፤ በሜትሩም ለካች፤ ሰባት እርምጃ።

መሪው የወለሉን ሽፋን ከካርታው ላይ ገፈፈው።

«ወለሉ ሥር ጉድጓድ ነበር» አለ። «ማንም አያየውም ብዬ ነበር። ሰይፈኛው፣ ነፍስህን ላተረፈችልህ ምን ትላለህ?»

«ኮቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ! የወር ዳቦሽ በኔ!»

መምህሯ ፊቷ ጋለ። ሰው ጠቅሜያለሁ ብላ ካሰበች ስንት ጊዜዋ ነበር?

ከዚያ ወዲህ የመሪው ካርታዎች ተለወጡ። አስተውሎ ለሚያይ ብቻ የሚገኝ መስኮት፣ ለክቶ ለሚያውቅ ብቻ የሚታወቅ ድብቅ ክፍል... ለማን እንደሚሥላቸው ማንም አልጠየቀውም። ሁሉም ያውቁ ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅና ሌሎቹ ሲወጡ ሁለቱ ካርታው ላይ መቅረት ለመዱ። እሱ ይናገራል፣ እሷ ትሥላለች። በመጀመሪያ ችካል ላይ «እርስዎ» ብላ ስትጽፍለት፣

«እርስዎ ካልሽኝ ግንቡን አፈርሰዋለሁ!» አላት።

«አንተ» ብላ አረመችው።

በሥራው ሊፍት ጠጋኝ ነው። አንድ ቀን ስለ ሥራው አጫወታት።

«ዛሬ አንዲት ሴትዮ ሁለት ሰዓት ሊፍት ውስጥ ቀሩብኝ። መለዋወጫው እስኪመጣ ምን ላድርግ? በሩ ፊት ለፊት መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ስለ ልጆቻቸው ጠየቅኋቸው። በመጨረሻ በሩ ሲከፈት ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ቆይ፣ የሦስተኛዋን ልጄን ነገር አልጨረስኩልህም!›»

በሩ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ሣለችለት። ከጎኑ ሌላ ሰው ጨመረች፤ ጠጋ ብላ የተቀመጠች።

«ይቺ ማናት?» አለ ቀስ ብሎ።

መልሷ አንድ ጥቅሻ ነበር። በራሷ ምስል ላይ።

እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ወር አለፈ። አንድ ቅዳሜ ግን ጨዋታው ሊጀመር ሲል ዳቦ ጋጋሪው ነገር ፈለገ።

«መሪያችን፣ መቼ ነው የምታገባው? ምን ዓይነት ሴት ነው የምትፈልገው?»

«እኔ መልክ አላውቅም» አለ መሪው እየቀለደ። «ሥራዬ እኮ ከበር ውጭ ቆሜ መስማት ነው። ሰውን የማውቀው በድምፁ ነው። ድምፁ ልቤን ካልነካው...»

ኮቴ መግባቷን አላየም ነበር። እሷ ግን ሰምታለች።

በማግስቱ ወንድሟ አንዲት ትንሽ ካርቶን ይዞላት መጣ። ከላይ በእጅ ጽሑፍ፣ «ለኮቴ። ድምፅሽን ለመስማት የቸኮለ ወዳጅሽ» ይላል። ከፈተችው። አዲስ ማይክሮፎን ነበር።

ጭኗ ላይ አድርጋው አለቀሰች። ይህ ሰው የሚወዳት ሴት ሌላ ናት፤ ድምፅ ያላት፣ ነገ ማይክሮፎን ስትሰካ «እንደምን ነህ» የምትለው ሴት። እሷን እኔ በውሸት ፈጠርኳት እንጂ የለችም፣ አለች በልቧ። ያን ቀን ካርታው ላይ አንድ ችካል ተከለች።

«ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ። ከእንግዲህ አልመጣም።»

እሱ ስጦታው እንደ ድፍረት የተቆጠረበት መሰለው። ለወንድሟ ደውሎ፣ «አስቀየምኳት? ሰው አላት? ንገረኝና ይቅርታ ልጠይቅ» ቢለው ወንድምየው መሐላውን አስቦ «እኔ አላውቅም» አለው።

አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት። በሦስተኛው ወንድሟ የክፍሏን በር ሳያንኳኳ ገባ።

«እታለም፣ ውሸትሽን መሸከም ሰለቸኝ! ሰውየው ታሪኩን ማራመድ እምቢ ብሏል። ኮቴ ሳትመጣ ከዚህ ክፍል አንወጣም ይላል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እኮ አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመን ሾርባ ስንሠራ ነው የምንጫወተው!»

ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። እና... ሁለቱም ደነገጡ። ከሳቁ መሐል የሆነ ነገር ተሰምቶ ነበር። ደካማ፣ የተሰነጠቀ፣ ግን ድምፅ!

«ደግሚው!» አላት ወንድሟ ትከሻዋን ይዞ።

«እ...» አለች። ጠፋ። እንደገና «እ...» አለች።

ድምፅ የምታለማምዳት ባለሙያ፣ የሁለት ልጆች እናት የሆነች ትዕግሥተኛ ሴት፣ በማግስቱ ሰምታት እጇን ጨበጠች። «ነርቩ እየነቃ ነው። እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። ግን ያንቺ ድምፅ ይሆናል።»

ረቡዕ ከሰዓት፣ ማንም በማይጫወትበት ሰዓት፣ መምህሯ ካርታውን ከፈተች። ግንቡ እንዳለ ነው። መሪው በአንድ ጭረት ሁሉንም ምልክት ማጥፋት ሲችል፣ እሷ የሣለቻቸው ቀስቶች፣ ክቦች፣ መሬት ላይ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ሳይቀሩ አንዳቸውም አልጠፉም። ከበሩ ጀምራ ችካል መትከል ጀመረች።

«ማይክሮፎኔ አልተበላሸም።»

«ድምፄ ነው የጠፋው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ።»

«ወንድሜን አስምዬው ነው የዋሸህ። አትቀየመው።»

«ሰውን የማውቀው በድምፁ ነው ስትል ሰማሁ። የኔ ላይመለስ ይችላል።»

«ስጦታህን ጠልቼው አይደለም። ፈርቼ ነው።»

«መሳቅ ትቼ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ያሳቅኸኝ አንተ ነህ። ለዚያ ሳላመሰግንህ መቅረት አልሆነልኝም።»

የመጨረሻውን ተክላ ልትዘጋው ስትል የሱ ምስል በሩ ላይ ታየ።

ምስሉ ወደ መጀመሪያው ችካል ሄደ፤ ቆመ። ወደ ሁለተኛው፤ ቆመ። ሰው ፊደል በፊደል ሲያነባት እያየች፣ ከወንበሯ ጫፍ ላይ ሆና ጠበቀች። አራተኛው ላይ ብዙ ቆየ። ድምፁን ከፍቶ ይናገራል ብላ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ብትጫንም ምንም የለም። በድምፁ ሊቀድማት አልፈለገም። ይልቅ ከአራተኛው ችካል ጎን አንድ ትንሽ ችካል በቀለ።

«ቂል ነኝ።»

ቀጥሎ ሌላ።

«ያልኩት ሊፍት ውስጥ ስላለ ሰው ነው። አንቺን ያወቅኩሽ በምልክቶችሽ ነው። ሌላው ሲሮጥ ቆመሽ ማንም እንዳይጎዳ መሬቱን ስትከቢ።»

ቀጥሎ ደግሞ፣

«ማይክሮፎን የላክሁት ተበላሸ ስላላችሁኝ ነው እኮ! ምን ላድርግ፣ ጠጋኝ ነኝ!»

እያለቀሰች ሳቀች። ሜትሩ ከሱ ምስል ወጥቶ ወደሷ ምስል ተዘረጋ። አራት እርምጃ ይላል።

«ከካርታው ውጭስ ስንት ነው? ልምጣ?»

«ና» ብላ ጻፈች። ደግማ፣ «ና!»

አርብ በአሥር ሰዓት፣ ከልምምዷ ስትወጣ ሊገናኙ ተቀጣጠሩ። ሕንፃው በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው፤ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን እግሩ ሥር አድርጎ። ከገመተችው አጠር ያለ፣ ጆሮዎቹ ገንጠል ያሉ ሰው ነበር። ሲያያት ብድግ አለ።

አንዲት ቃል ስትለማመድ ነበር የሰነበተችው።

«ሰ...ላም» አለች። ዘይት እንዳልነካው የበር ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ።

«አንድ ጊዜ ድገሚልኝ» አላት።

ፊቷ ጨለመ። «አ...ልሰማኸኝም?»

«ሰምቻለሁ» አለ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ደግሜ ልስማው ብዬ ነው።»

እዚያው ቆማ ደገመችለት። ሦስት ጊዜ።

እናቷን ያገኘበት ቀን ግን ለብቻው ይነገራል። እነ መምህሯ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ አበባ ይዞ ምድር ቤት ሲደርስ ሊፍቱ በሁለተኛና በሦስተኛ ፎቅ መሐል ቆሟል። ውስጥ ሰው ይጮሃል። ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ በሩን አንኳኳ።

«አይዞዎት እናቴ! ጠጋኝ ነኝ። የሚመጣ ነገር የለም፣ ቁጭ ይበሉና ያጫውቱኝ።»

«አንተ፣ ማን ላከህ?»

«ማንም አልላከኝም። ወደ አምስተኛ ፎቅ እየሄድኩ ነበር። አንዲት እናት ልጃቸውን እንዲሰጡኝ ልለምን።»

ከውስጥ በሩ ተንኳኳ።

«ልጅቷ መምህር ናት?»

«አዎ እናቴ።»

«እናትየው እኔ ነኛ! በል መጀመሪያ አውጣኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን!»

ካወጣቸው በኋላ እጁ በቅባት ጠቁሮ፣ አበባው ተረጋግጦ አብረው ገቡ። እናትየው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ዝም ስላለች ወደድካት፣ እሺ» አሉት። «ድምጿ ሲመለስ ግን ጉድህ ነው! እኔ ነኝ የማውቃት!»

«ለዚያ ጉድ ያብቃኝ፣ እናቴ» አላቸው።

ድምጿ ተመለሰ። ሁሉም አይደለም፤ መዝሙሩ ቀርቷል፣ ሲመሽ ይደክማል፣ ሲበርዳት ይሰነጠቃል። በአዲሱ ዓመት ትምህርት ሲከፈት ወገቧ ላይ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አስራ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ልጆቹ እሷን ለመስማት ዝም አሉ። በጩኸት ሳይሆን በቀስታ ክፍል እንደሚያዝ ያወቀችው ያኔ ነው።

በዚያው ዓመት ተጋቡ። አዳራሹ ትንሽ ነበር፤ ዘመድ፣ መምህራን፣ ሊፍት ጠጋኞች፣ የወር ዳቦውን ቃል ጠብቆ ትልቅ ኬክ ጋግሮ የመጣው ዳቦ ጋጋሪ። ሙሽራዋ ልትናገር ስትነሳ ማይክሮፎን አቀረቡላት። ቀስ ብላ ጀመረች።

«እማዬ... ስምንት ወር ሙሉ ያልተናገርኩትን ሁሉ ስለሰማሽኝ አመሰግናለሁ። ወንድሜ፣ ዋሽተህ ስለጠበቅከኝ፣ ኋላም መዋሸት ሰልችቶኛል ስላልከኝ። ሐኪሜና አለማማጄ፣ ቆማችሁ ብትታዩልኝ... እናንተን አምላክ ያክብርልኝ።»

ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። አፏን ከፈተች፤ ድምጿ ከዳት። ጉሮሮዋን ይዛ እንደገና ሞከረች። አሁንም አልመጣም። ከኋላ አንዲት አክስት «በቃ ልጄ፣ ገብቶናል!» አለች።

እሱ ግን እጁን ከፍ አድርጎ አዳራሹን ዝም አሰኘ። ቃሉን አልቀደማትም፣ አልገመተላትም። ጊዜ ሞልቶት እንደተረፈው ሰው ፊቷ ቆሞ ጠበቃት። እሷ ትንፋሿን ሰበሰበች፤ ዓይኑን አየች፤ ከደረቷ ሥር ሻካራ፣ ዝቅ ያለ፣ ግን የማንም ያልሆነ የራሷ ድምፅ ወጣ።

«አመሰግንሃለሁ... የኔ ጌታ።»

ዳቦ ጋጋሪው ከሁሉ ቀድሞ አለቀሰ።